ስለ ሜትር፣ ኪሎና ኢንች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከድሬዳዋ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ

ድሬዳዋ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ቧንቧ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሜትሮ። እውነቱን ለመናገር ከመሸጥ ይልቅ ሳስረዳ ነው የምውለው። «ይኼ ለምን በኢንች ሆነ? ያኛው ለምን በሚሊ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ ፓሪስ ድረስ ወሰደኝ። ብዙ ጊዜ የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሜትርን ማን አመጣው?

ፈረንሳዮች። ያውም በአብዮት መሀል፣ አንገት በሚቀላበት ሰዓት።

ከአብዮቱ በፊት እዚያ አገር የመለኪያው ስም አንድ ሆኖ ልኩ ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር። የአንዱ መንደር ቁና ከጎረቤቱ አይገጥምም። ባለመሬቱ እህል ሲቀበል በትልቁ፣ ሲሰጥ በትንሹ ይሰፍራል የሚል ምሬት ነበር። ይኼ ለኛ አገር ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። በ1790 ታሌይራን የሚባል ጳጳስም ፖለቲከኛም የሆነ ሰው ለምክር ቤቱ ሐሳብ አቀረበ፦ መለኪያው ከማንም ንጉሥ ክንድ ሳይሆን ከተፈጥሮ ይወሰድ።

ቀጥሎ ሊቃውንቱ ምድርን ራሷን መረጡ። ከሰሜን ዋልታ ተነስቶ በፓሪስ አልፎ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለ10 ሚሊዮን ይካፈል፣ አንዱ ድርሻ «ሜትር» ይባል አሉ። ማለፊያ ሐሳብ ነው። ግን ማን ሄዶ ይለካው?

ደላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት የሥነ ፈለክ ሰዎች በ1792 ወጡ። ከሰሜን ፈረንሳይዋ ዳንከርክ እስከ ስፔኗ ባርሴሎና ያለውን መሬት፣ ከደወል ቤት ደወል ቤት፣ ከኮረብታ ኮረብታ እያነጣጠሩ ለኩ። በአጭር ጊዜ ያልቃል የተባለው ሥራ ሰባት ዓመት ፈጀ። አገሩ ጦርነት ላይ ነው፣ እነሱ ደግሞ ማማ ላይ ወጥተው በመነጽር ያያሉ። ሰላይ ተብለው ቢያዙ ምን ይገርማል?

ሜሼን ባርሴሎና ላይ የወሰዳቸው ልኬቶች እርስ በርስ አልገጥም አሉት። ደነገጠ፣ ደበቀው። ለዓመታት እንቅልፍ ነሳው። በኋላ ሊያስተካክለው ወደ ስፔን ተመለሰና በ1804 በቢጫ ወባ እዚያው ሞተ። ዛሬ በሳተላይት ሲታይ ሜትሩ ሊሆን ከሚገባው በ0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል። ሁለት ሦስት የፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። በሱቄ ውስጥ ለዚህ የሚጨነቅ ሰው የለም። እኔ ግን ሜሼን ባሰብኩት ቁጥር ያሳዝነኛል።

በ1799 ልኩ በፕላቲኒየም ዘንግ ተሠርቶ ፓሪስ መዝገብ ቤት ገባ።

ሁሉን በአሥር ሲከፍሉ ሰዓቱንስ ለምን ተዉት?

አልተዉትም፣ ሞክረዋል። ቀኑን 10 ሰዓት፣ ሰዓቱን 100 ደቂቃ አድርገው ነበር። ሰው አልለመደውም። ደስ የሚለው ነገር፣ ሜትር፣ ሊትርና ግራም የሚሉትን ስሞች ያጸደቀው የሚያዝያ 7 ቀን 1795 ሕግ ራሱ ነው አሥር ሰዓቱን ያስቆመው።

የቀን መቁጠሪያም ቀይረው ነበር። 12 ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ መጨረሻ ላይ 5 ቀን፣ አንዳንዴ 6። አንባቢዬ ይኼን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ጳጉሜን አገኟት ማለት ነው! አላቆዩዋትም፣ ከ1806 መባቻ ጀምሮ ተተወች። እኛ ዘንድ አሁንም አለች።

ታዲያ ዓለም ሁሉ ወዲያው ተቀበለው?

የፈጠሩት ፈረንሳዮች እንኳ ወዲያው አልተቀበሉትም። ገበሬውና ነጋዴው በድሮው ቀጠለ። ናፖሊዮን በ1812 ሕዝቡን ለማስደሰት የድሮዎቹን ስሞች ለችርቻሮ መለሰ። ሜትር ብቻ ይሁን የሚለው ሕግ በ1837 ወጣ፣ የጸናው ከጥር 1 ቀን 1840 ጀምሮ ነው። ከተፈጠረ 40 ዓመት አልፎት መሆኑ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት በኪሎ አልገዛም ብለው በጣሳ ሲከራከሩ አልፈርድባቸውም።

ሌላው ዓለም የተቀበለበትን ጊዜ ብታዩ አንድ ነገር ይደጋገማል። አብዛኛው የተቀበለው አገር ሲፈርስ ወይም ሲሠራ ነው። ጣሊያን አንድ ስትሆን ተቀበለች። ጀርመን አንድ ከሆነች በኋላ በ1872 ገባችበት። ሩሲያ አብዮቱ ሲመጣ በ1918 አወጀች። ሕንድ እንግሊዝ ከወጣ በኋላ በ1950ዎቹ ሕግ አወጣች። ያለ ግርግር፣ በሰላም ቁጭ ብሎ መለኪያ የሚቀይር መንግሥት ትንሽ ነው።

በመሀል ግንቦት 20 ቀን 1875 (በፈረንጆቹ ሜይ) 17 አገሮች ፓሪስ ላይ የሜትር ስምምነትን ፈረሙ። ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ላይ የጋራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ለሐረር ሰው 1875 ሌላ ትዝታ አለው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግድም የግብፅ ጦር ጀጎል የገባበት ነው። ፓሪስ ስለ ዘንግ ስትፈራረም ሐረር ሌላ ጣጣ ላይ ነበረች።

ኢትዮጵያስ መቼ?

የሚዛንና የመለኪያ አዋጁ የ1963 ነው። ከዚያ በፊት ክንድ፣ ስንዝር፣ ቁና፣ ዳውላ፣ ጋሻ፣ ወቄት ነበር። ወቄት የሚመዘነው በማርትሬዛ ብር ነው፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ። ክንድ ላይ ግን «የማን ክንድ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ አለ። ጨርቅ ገዢ ረጅም ዘመዱን ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር ብለው አባቴ ያስቁን ነበር።

ድሬዳዋ ግን አዋጁን አልጠበቀችም። እኛ ሜትርን በባቡር ነው የተቀበልነው። ይኼ የራሱን ጥያቄ ይፈልጋል።

የድሮው ሐዲድ ስፋቱ ስንት ነበር? አዲሱስ?

የምወደው ጥያቄ ይኼ ነው።

ፈረንሳዮች ከጅቡቲ ተነስተው መሥመሩን መዘርጋት የጀመሩት በ1897 ነው። ሐሳቡ ሐረር ለመድረስ ነበር። ተራራው ግን ከበዳቸው፣ ወጪው አስፈራ። ሜዳው ላይ ቀሩና በ1902 መጨረሻ የደረሱበት ቦታ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

የዚያ ሐዲድ ስፋት፣ ከአንዱ ብረት የውስጥ ጎን እስከ ሌላው የውስጥ ጎን፣ ልክ አንድ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ከዜሮ ዜሮ። ጠባብ ሐዲድ በተራራማ አገር ርካሽ ነው፣ ጥምዝ ላይም ይመቻል። እኔ ራሴ አንድ እሑድ ሜትሮ ይዤ ከዚራ ከሚባለው ሰፈር ወረድ ብዬ ለክቼዋለሁ። ጥቂት ሚሊ ትርፍ አገኘሁ። ብረቱ ከውስጥ በኩል ተበልቷል። መቶ ዓመት የባቡር ጎማ ሲፍቀው ምን ይሁን? አጠገቤ የቆመ ልጅ «ምን ጠፋብህ አቦ?» አለኝ። «ሜትር» አልኩት። ጥሎኝ ሄደ።

አሁን ደግሞ አዲሱን ተመልከቱ። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ይኼ ቁጥር ከየት መጣ? ክብ አይደለም፣ ግማሽ አይደለም፣ ምንም አይመስልም። በእንግሊዝ መለኪያ ስታዩት ግን 4 ጫማ ከ8 ኢንች ተኩል ነው። የባቡር መሐንዲሱ ጆርጅ ስቲቨንሰን ከእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች የወሰደው ስፋት ነው። ከዚያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ፣ ቻይናም ያንኑ ያዘች፣ ቻይናም እኛ ዘንድ ዘረጋችው።

ስለዚህ ድሬ በፈረንሳይ ሜትር መቶ ዓመት ከኖረች በኋላ፣ በዘመናዊው ባቡር የእንግሊዝ ኢንች ገባባት። ያውም በሚሊ ሜትር ተጽፎ። ሰው ሜትር ዓለምን አሸነፈ ሲለኝ ይኼን ሐዲድ አሳየዋለሁ።

ቧንቧ፣ ቴሌቪዥን፣ ጎማ ለምን በኢንች ቀረ?

መጀመሪያ የሠራው ሰው በኢንች ስለሠራው፣ ሌላውም ከሱ እንዲገጥም ስለፈለገ። ሙሉ መልሱ ይኼው ነው። የሚገጣጠም ነገር መለኪያውን ቶሎ አይለቅም።

«ግማሽ ኢንች ቧንቧ» እንውሰድ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ነው፣ ግማሹ 12.7 ይሆናል። እስቲ የብረቱን ግማሽ ኢንች ቧንቧ ለኩት። ውጩ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። 12.7 የሚሆን ቦታ ብትፈልጉ አታገኙም። ስሙ ድሮ የውስጡን ክፍተት በግምት የሚናገር ነበር። ብረቱ ቀጠነ፣ ስሙ ቀረ። የፕላስቲኩ ደግሞ «20 ሚሊ» ይባልና ከግማሽ ኢንች ጋር ይገጠማል። የ25ቱ ከሦስት ሩብ ጋር። ለዚህ ነው ቧንቧ ልትገዙ ስትመጡ የድሮውን ቁራጭ ይዛችሁ ኑ የምለው። ቁጥር ከምትነግሩኝ ብረቱን አሳዩኝ።

የመኪና ጎማ ደግሞ ጉድ ነው። ጎኑ ላይ 175/70 R13 የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። 175ቱ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70ው ፐርሰንት ነው፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 70 በመቶ ነው ለማለት። 13ቱ ቸርኬው በኢንች ነው። አንድ ጎማ ላይ ሦስት ዓይነት ሒሳብ። የሚያነበው የለም፣ ሁሉም «የአሥራ ሦስት ጎማ ስጠኝ» ነው።

አውሮፕላንም ከፍታውን በጫማ ነው የሚናገረው። ከድሬ ስትነሱ አብራሪው «30 ሺህ ጫማ» ካለ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ነው።

ፌሮ ግን ንጹሕ ነው። «አሥር ቁጥር» ማለት 10 ሚሊ፣ «አሥራ ሁለት ቁጥር» ማለት 12 ሚሊ፣ ርዝመቱም 12 ሜትር። ፌሮ ስሸጥ አእምሮዬ ያርፋል።

ቆርቆሮ 32 ጌጅ ከ28 ይወፍራል?

አይ። ጌጅ የውፍረት ቁጥር ነው፣ ግን ተቃራኒው ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28ቱን ግዙ።

የልብስ ሰፊ ሜትር ለምን ሁለት ፊት አለው?

አንዱ ፊት ሴንቲ ሜትር፣ አንዱ ኢንች ነው። ሱሪ በኢንች ነው የሚጠራው። «32 ወገብ» ስንል ኢንች ነው፣ ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሕፃን ይሆን ነበር። ሐረር መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ብትሄዱ ሰፊዎቹ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ገልብጣችሁ እዩት። በአንድ ፊት 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትደርሱ በጀርባው ገና 59 ኢንች ላይ ናችሁ። ወገብ በኢንች ለክቶ ጨርቁን በሜትር የሚያዝ ሰፊ አውቃለሁ። በጭንቅላቱ ሲያቀያይረው ካልኩሌተር አይነካም።

ሜትሮ ገዛሁ፣ ጫፉ ይወዛወዛል። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። እባካችሁ አትመልሱብኝ። በወር ሁለት ሦስት ሰው ይመልሰዋል።

ጫፉ ላይ ያለው የብረት መንጠቆ የራሱ ውፍረት አለው፣ አንድ ሚሊ ገደማ። እንጨት ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ ስትስቡ መንጠቆው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ውፍረቱ አይቆጠርም። ግድግዳ ላይ ገፍታችሁ ስትለኩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውፍረቱ ይቆጠራል። የሚወዛወዘው ልክ በራሱ ውፍረት ነው። ሆን ተብሎ ነው። በመዶሻ መትቶ ያጠበቀው ደንበኛ አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራቸው መስኮቶች ሁሉ አንድ ሚሊ ይሳሳታሉ።

የኔ ስሕተት ከሱ ይብሳል። ጫፉ የተሰበረ ሜትሮ ነበረኝ። እንዲህ ሲሆን ከ10 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ መለካት፣ በኋላ አሥሩን መቀነስ ነው። የቤቴን የብረት በር የለካሁት በሱ ነው። 2 ሜትር ከ10 ነው ብዬ ለበያጁ ነገርኩት። አሥሩን ረስቼዋለሁ። በሩ መጣ፣ ቆመ፣ አልገባም። ባለቤቴ አይታ ምንም አላለችም። እሱ ነው የሚያመው።

አሜሪካ ብቻዋን ነች የቀረችው?

ብዙ ጊዜ ከላይቤሪያና ከማይንማር ጋር ትጠራለች። ነገሩ ግን እንደሚወራው አይደለም። አሜሪካ በ1875 ከፈረሙት 17 አገሮች አንዷ ነች። በ1975 ወደ ሜትር እንሂድ የሚል ሕግ አወጣች፣ በፈቃደኝነት ስለነበር ባለበት ቆመ። የሚያስቀው፣ የራሷ ኢንች እንኳ የሚተረጎመው በሜትር ነው። ከ1959 ጀምሮ አንድ ኢንች ማለት በትክክል 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዚያ ውጭ ሌላ ትርጉም የለውም። እንግሊዝም ብትሆን መንገዷን በማይል ትለካለች፣ ቢራዋን በፓይንት ትቀዳለች።

ሁለቱ ሲቀላቀሉ አደጋ አለው። በ1983 አንድ የካናዳ ጄት ነዳጁ በኪሎ መሰላት ሲገባው በፓውንድ ተሰላ። ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ ያንሳል። አየር ላይ ሳለ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ እንደ አሞራ አንሳፈው ጊምሊ በሚባል የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ አሳረፉት። ሰው አልሞተም። በ1999 ማርስ ላይ የጠፋችው የአሜሪካ መንኩራኩር ግን አልተረፈችም። ምክንያቱ ያው ነው፣ አንዱ ቡድን በእንግሊዝ መለኪያ ሰጠ፣ ሌላው ሜትሪክ መስሎት ተቀበለ።

ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው?

በቡና ገበያ 17 ኪሎ። ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የመጣ መለኪያ ነው፣ ድሮ ከወደብ ወደብ ይለያይ ነበር። ዛሬ ስሙ የድሮ ነው፣ ውስጡ ኪሎ ነው። የቡና ዋጋ አሁንም በፈረሱላ ይነገራል።

የሐረር ቡና ጉዞውን ልብ በሉ። ገበሬው በኪሎ ይሸጣል። ነጋዴው ዋጋውን በፈረሱላ ይጠራል። ለውጭ ሲላክ በ60 ኪሎ ጆንያ ይቆጠራል። ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ ዋጋው በፓውንድ፣ በሳንቲም ነው። አንድ ፈረሱላ 37 ተኩል ፓውንድ ያህል ነው። አራት ቋንቋ የሚናገር ቡና ነው። በየመሀሉ የሚያቀያይር ሰው አለ፣ የሚያቀያይር ሰው ባለበት ደግሞ የሚያተርፍ ሰው አለ።

ኩንታልስ?

100 ኪሎ። የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ስለሆነ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሁለት ከረጢት ነው። «አንድ ኩንታል ገዛሁ፣ ሁለት ሰጡኝ» ብሎ አንዱን ሊመልስ የመጣ ታማኝ ሰው አጋጥሞኛል። እግዜር ይስጠው።

ጣሳና ዙርባ መቼ ይጠፋሉ?

የሚጠፉ አይመስለኝም። የባቢሌ ኦቾሎኒ በጣሳ ነው የሚሸጠው፣ ጣሳውም ከላይ በእጅ ተቆልሎ። ቁልሉ ከሻጯ ጋር ያላችሁ ዝምድና ነው። ኪሎ ዝምድና አያውቅም። ጫትም አወዳይ ላይ በዙርባ፣ ማለትም በእስር ነው የሚጠራው። ለውጭ ሲላክ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ቃሚው ግን በዓይኑ ነው የሚመዝነው። ናፖሊዮንም ያልቻለው ነገር ነው።

ኪሎ አሁን በምን ይወሰናል?

ከ1889 ጀምሮ ሴቭር ውስጥ በመስታወት ክዳን ሥር የተቀመጠ የፕላቲኒየምና ኢሪዲየም ቁራጭ ነበር። እሱ ራሱ ኪሎ ነው። ከግልባጮቹ ጋር ሲመዘን ግን በሚሊዮንኛ ግራም የሚቆጠር ልዩነት መጣ። ማን ከሳ፣ ማን ወፈረ? የሚፈርድ የለም፣ ምክንያቱም በትርጉሙ ኪሎው እሱ ነው። ስለዚህ ከግንቦት 20 ቀን 2019 (አሁንም ሜይ) ጀምሮ ኪሎ በፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ ማለትም በማይለወጥ የፊዚክስ ቁጥር ይተረጎማል። ሜትርም ከ1983 ወዲህ በብርሃን ፍጥነት ነው የሚተረጎመው፦ ብርሃን በ1/299,792,458 ሰከንድ የሚሄደው ርቀት። ዘንጉ ጡረታ ወጥቷል።

የገበያው ሚዛን እየበላኝ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

ያልተከፈተ ባለ ሁለት ሊትር የታሸገ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፣ ፈረንሳዮቹ ሲጀምሩ ኪሎውን የተረጎሙት በውኃ ነበር። ሁለት ሊትሩ ሁለት ኪሎ፣ የፕላስቲኩ ክብደት ደግሞ ጥቂት አሥር ግራም ይጨምራል። ሚዛኑ ከ2 ኪሎ ትንሽ አለፍ ካለ ደኅና ነው። 2 ኪሎ ከሩብ ካነበበ እየበላችሁ ነው።

እኔ አንድ ቀን ቲማቲም ልገዛ ሄጄ ሞክሬዋለሁ። ውኃውን ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጥ ሻጩ ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ። ምንም ሳይል ቲማቲሙ ላይ ሁለት ፍሬ ጨመረልኝ።